ጣርማ በር ስንደርስ ድምፁ ለምን ይጠፋል? የሄልሜት ኢንተርኮም ነገር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በጥር ወር ነበር። አሁን ምላሾቹ 36 ደርሰዋል፤ ግማሹ ስለ ሞተር ብስክሌት፣ ሩቡ ስለ በግ ጸጉር፣ የቀረው ደግሞ ማን ማንን አንተ አለ በሚል ጠብ ላይ ያለቀ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከማንበብ እንዲድን ጥያቄዬን እንደገና አስቀምጬ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ሐሳቡን ያሳጠርኩበት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ። የሰደበኝን ግን ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩት።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ መቀመጫዬ ደብረ ብርሃን ነው። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ በሞተር ብስክሌት ጣርማ በር ደርሼ ከዋናው መንገድ እገነጠልና ወደ መንዝ እዘልቃለሁ፤ ሰላ ድንጋይ፣ ሞላሌ፣ አንዳንዴም መሐል ሜዳ ድረስ። ከኋላዬ የሚቀመጡት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ያለበትን የበረዶ ሳጥን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ በሌላው የኮቴን ጎን ይይዛሉ። ለዓመታት የተግባባነው በትከሻ ነው። አንድ ጊዜ መታ ካደረጉኝ ቀስ በል ማለታቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ቁም። ሦስት ጊዜ የመቱኝ እንደሆነ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት ስንቃረብ ስለነበር ድካም ነው ብዬ ዝም እል ነበር።

ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ ሱቅ ጥንድ ኢንተርኮም፣ ማለትም ሄልሜት የለበሱ ሰዎችን ያለ ገመድ የሚያነጋግር መሣሪያ፣ ገዛሁ። ዋጋው ርካሽ ነው። ከሄልሜቱ ግራ ጎን የምትጣበቅ የክብሪት ሣጥን የምታህል መሣሪያ፣ በገበሩ ሥር የሚገቡ ሁለት ጠፍጣፋ ድምፅ ማጉያዎች፣ አፍ ፊት የሚቆም ማይክሮፎን፤ ይኸው ነው። ሻጩ እስከ 1000 ሜትር ያነጋግራል አለኝ። እኔና ባልደረባዬ የምንራራቀው አንድ ክንድ አይሞላም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስሄድ ንግግራቸው ከነፋሱ አይለይም። ሁለተኛው ነው እንቆቅልሹ። ከመንዝ ስንመለስ ጣርማ በር አካባቢ ድምፁ ጭራሹን ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠፋል። ስንሄድ አይጠፋም፤ ስንመለስ ብቻ። ሙዚቃ አልሰማም፤ እየነዳሁ ስልክ አላነሳም። አምስት ጊዜ ተመላልሰን አራቱን ጠፋብን። ምክንያቱን የሚያውቅ ይንገረኝ።

በ1ኛው ምላሽ አንድ ጨዋ የደብረ ብርሃን ሰው ስለ እኔም ስለ በጎቹም ጤና ጠይቆ ሲያበቃ ነገሩን በብርድ አሳበበ። ደብረ ብርሃን ራሷ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለች፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3000 እንደሚያልፍ አስታወሰ። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ፣ ገና ግማሽ ጉልበት እያለው ያለቀ መስሎ ሊጠፋ እንደሚችል አስረዳ። የማላውቀውንም ጨመረልኝ፦ ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘበት ሰዓት ቻርጅ ከተደረገ ለዘለቄታው ይጎዳል። ስለዚህ በታኅሣሥ ውርጭ ሄልሜቱን በረንዳ ላይ ሰክቶ ማደር ጥፋት ነው። እኔ ሳደርግ የከረምኩት ይህንኑ ነው። ቢሆንም በ2ኛው ላይ እንደመለስኩለት፣ ድምፁ ሲጠፋ የመሣሪያዋ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን አታቆምም። ባትሪ ከሞተ መብራት ከየት ይመጣል?

3ኛው ምላሽ ሰጪ አዲስ አበባ የሚኖር፣ በትልልቅ ሞተር ብስክሌት ከጓደኞቹ ጋር እስከ ኮምቦልቻ የሚጓዝ ሰው ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ርቀት ገላጣ ሜዳ ላይ የተለካ መሆኑን፣ ብሉቱዝ የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እንኳን ተራራ የሰው ገላም እንደሚያደክመው ጻፈ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ጓደኛውን በሁለት ኩርባ ሲቀድመው ድምፁን እንዳጣው መሰከረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ከጥያቄዬ ጋር ግን አይገናኝም። 4ኛው ይህንኑ በትሕትና ነገረው፤ ባልደረባዬ ከኋላዬ እንጂ ደብረ ሲና እንዳልተቀመጡ አስታወሰው።

ሰውየው አልደነገጠም። በ5ኛው ተመልሶ፣ ጥያቄው የኔ ባይሆን የሌላ ሰው ይሆናል በሚል ትምህርቱን ቀጠለ። ደግም አደረገ፤ ብዙ ሞተረኞች ሆነው ለሚጓዙ ይጠቅማልና ላስቀምጠው። ተራው የብሉቱዝ ኢንተርኮም ሰዎችን እንደ ሰንሰለት ነው የሚያያይዘው፤ አብዛኛውን ጊዜም እስከ አራት ሰው ድረስ። ከመሐል አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ ከእርሱ ወዲያ ያሉት ሁሉ ይቆረጣሉ። ሜሽ የሚባለው አሠራር ግን እያንዳንዱን መሣሪያ አቀባይ ያደርገዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ድምፁ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ካርዶ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መሣሪያ እስከ 15 ሰው በዚህ መንገድ እንደሚገናኝ፣ ሴና የተባለው ሌላ አምራችም በተመሳሳይ አሠራር እንደተከተለ ጻፈ። ለእኔ በገባኝ መጠን፣ ይህ የመንዝ እረኞች ከጉብታ ጉብታ እየተጠራሩ የጠፋች በግ ወሬ የሚያዳርሱበት ብልሃት ነው። አንዱ እረኛ ቢያንቀላፋ ወሬው በሌላው ጉብታ ዞሮ ይደርሳል። የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ከሌላው ጋር መነጋገር ይችል እንደሆነ ለሚጠይቁም መልስ ሰጠ፦ ይቻላል፣ መሣሪያዬ የአንተን መሣሪያ ስልክ ነው ብላ እንድታምን ይደረጋል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የእውነተኛው ስልክ ቦታ ይያዛል።

6ኛዋ መሐል ሜዳ የምትሠራ ነርስ ናት። አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፤ ስልኬ ከኢንተርኮሙ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በ7ኛው ላይ ስልኬ የኮቴ የጎን ኪስ ውስጥ እንደሆነና በጉዞ ላይ እንደማልነካው መለስኩላት። በጣም አጭር መልስ ነበር። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል።

በ8ኛው አንድ ሰው የጣልያን ዋሻ ነው ሲል ደመደመ። ተራራው ውስጥ ብረት እንዳለ፣ ዋሻው ሞገድ እንደሚውጥ፣ አጎቱም እዚያ ሲደርስ የመኪናው ሬዲዮ እንደሚንሾካሾክ ተረከ። 9ኛው፣ አንኮበር አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ እንደ መምህርነታቸውም አረሙት። በጣልያን ወረራ ጊዜ የተፈለፈለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የሚያሻግር መሆኑን፣ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ ሰው በውስጡ እንደማያልፍ ገለጹ። እዚያው ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ቀጠሉና ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ወደ አገራችን ሲገባ ከሽቦ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ የሰይጣን ነው ያሉ እንደነበሩ ይነገራል አሉ። ከዚያም ብሉቱዝ የሚለው ስም በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል እንደተወሰደና ትርጉሙ ሰማያዊ ጥርስ እንደሆነ አከሉ። ደብረ ብርሃንም ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን ነውና፣ የምትበራዋ ሰማያዊ መብራት ከከተማዋ ጋር ትስማማለች ብለው ጨረሱ። ወደድኩት። ችግሬን ግን አልፈታውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ነበር። 10ኛው ምላሽ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባ። አንተ እያለ ነው የጻፈልኝ። ሞተር ላይ ወሬ የሚያስፈልገው ሰው አውቶቡስ ይሳፈር፤ የሞተረኛ ጆሮ የመንገዱ ነው እንጂ የወሬ አይደለም፤ ጆሮውን የዘጋ ሞተረኛ ቁልቁለት ላይ ከኋላው የሚመጣውን አይሰማም። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘልዬዋለሁ። 11ኛው በዚሁ መስመር ለዓመታት ከባድ ጭነት መኪና የነዳ ሰው ሲሆን፣ ቃሉ የሠላ ቢሆንም ልብ የሚነካ ነበር። በጭጋግ ሰዓት ጣርማ በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ ሲወርድ ከፊቱ ያለ ወጣት ሞተረኛ ንቅንቅ ሳይል መንገዱን ይዞ እንደሄደ፣ በኋላ ሲያገኘው በሁለቱም ጆሮው ሙዚቃ ሰክቶ እንደነበር ጻፈ። ያን ቀን ፍሬኑን ስለረገጠበት ሁኔታ የጻፈውን እዚህ መድገም አልፈልግም። እኔም ሙዚቃ አለማዳመጤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ነርሷ በ12ኛው ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ መስመሮቿ ብዙ ናቸው። ጆሮን የሚዘጋው ኢንተርኮሙ ሳይሆን ነፋሱ ራሱ መሆኑን በቁጥር አሳየች። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚኬድበት ጊዜ ሄልሜት ውስጥ የሚፈጠረው የነፋስ ጩኸት ወደ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ይጠጋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ አድርጎ የኢንተርኮሙን ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ያለ መድፈኛ ከመጮህ የተሻለ እንደሚያሰማ፣ ከሁሉ በፊት ግን ፍጥነት መቀነስ እንደሚሻል መከረች። 10ኛው ሰውዬ በ13ኛው ላይ ተመልሶ ጆሮን ደፍኖ ማዳመጥን የመሰለ ቀልድ ሰምቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ዐይን የሚያንጸባርቅ ፀሐይ ላይ ባርኔጣ ሲደረግ የተሻለ እንደሚታየው ማለት ነው ብላ መለሰችለት፤ 14ኛው ይኸው ነበር፤ እርሱም ለጊዜው ዝም አለ።

የመጀመሪያውን ችግሬን የፈታልኝ 15ኛው ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ሰው ነው፤ ከሁሉም ምላሾች ረጅሙን የጻፈው እርሱ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ብቆይ ይገባል። መጀመሪያ ድምፅ ማጉያዎቹ የት እንደተቀመጡ እንዳይ ጠየቀኝ። ሰው ሄልሜቱን ፊቱ አስቀምጦ ሲገጥም ጆሮው ነው ብሎ የሚገምተው ቦታና ሄልሜቱ ራሱ ላይ ሲጠልቅ ጆሮው በእውነት የሚያርፍበት ቦታ አንድ አይደሉም። ድምፅ ማጉያው ከጆሮው ቀዳዳ አንድ ጣት ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ከሸሸ ግማሹ ድምፅ ገበሩ ውስጥ ይቀራል። ዘዴው ቀላል ነው። ገበሩ ላይ ሳያጣብቁ ድምፅ ማጉያውን በሄልሜቱ ውስጥ በጣት ይዞ፣ አንድ ነገር እያጫወቱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ፤ ድምፁ ድንገት ፍንትው የሚልበት ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ። ጆሮ ድረስ ካልቀረበም ከኋላው የታጠፈ ጨርቅ ጨምሮ ማስጠጋት፤ ጆሮን ግን እስኪያቆስል መጫን የለበትም።

ሞከርኩት። የኔ ድምፅ ማጉያዎች ከጆሮዬ ኋላ፣ አጥንቱ ላይ ነበር የተቀመጡት። ሁለት ወር ሙሉ ለራስ ቅሌ ነበር ሳጫውትለት የከረምኩት።

ማይክሮፎኑንም አልተወውም። ፊትን ሙሉ በሚሸፍን ሄልሜት አገጭ ሥር የሚለጠፈው ባለ ሽቦ ማይክሮፎን ይበቃል፤ የባልደረባዬ ዓይነት ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት ግን በዘንግ የሚቆመውን ይፈልጋል፤ ከንፈር ሊነካ ምንም ሳይቀረው። ማይክሮፎኑ ፊትና ጀርባ እንዳለው፣ ነጥብ ወይም ቀስት የተደረገበት ወገን ወደ አፍ መዞር እንዳለበትም አሳሰበ። የእርሳቸው ወደ ነፋሱ ዞሮ ነበር። በመጨረሻ፣ ድምፅ ሲሰማ ብቻ የሚነቃ ማይክሮፎን የመጀመሪያውን ቃል እንደሚበላ ነገረኝ። እውነት ነው፤ ጉድጓድ ሲሉኝ የሚደርሰኝ ጓድ የሚለው ብቻ ነበር፤ የደርግ ዘመን ሰው በመሆናቸው ትንሽ ግር ብሎኝ ያውቃል። የጥገና ባለሙያው መድኃኒት፣ ከዋናው ቃል በፊት የሚበላ ቃል ማቅረብ ነው። አሁን ባልደረባዬ ሁሉንም ነገር ስማኝማ ብለው ይጀምራሉ። ስማኝማውን ማሽኑ ይበላል፣ ጉድጓዱ ለኔ ይደርሳል።

16ኛው ሰው ድምፅ ማጉያው አልገባ ሲለው የሄልሜቱን ነጭ ንጣፍ፣ ያንን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ጋር የሚመሳሰለውን፣ በቢላዋ ፈልፍሎ እንዳስገባው በኩራት ጻፈ። ከ17 እስከ 19 ያሉት ሁሉ ወረዱበት። ያ ንጣፍ ሲወድቁ ተጨፍልቆ ግጭቱን ከጭንቅላት ላይ የሚያነሣው ክፍል ነው፤ ዛጎሉ ቅርጽ ይይዛል፣ ሕይወት የሚያተርፈው ግን እርሱ ነው። የኮምቦልቻው ተጓዥ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው ኢሲኢ 22.06 የተባለው የሄልሜት ደኅንነት ደረጃ፣ ሄልሜት ላይ የሚገጠሙ ተጨማሪ ዕቃዎችን ጭምር ከፈተናው ውስጥ እንዳስገባ ጠቅሶ፣ ፋብሪካው ለጆሮ ቦታ ያልተወለትን ሄልሜት ከመፈልፈል መለወጥ እንደሚሻል ጻፈ። 16ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልታየም። ሄልሜቱን ቢቀይር ደስ ይለኛል።

20ኛው ነው ክሩን ወደ በግ የነዳው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ማይክሮፎኑ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ነፋሱን እንዳልቻለ፣ ባልደረባዬም መንዜ እንደመሆናቸው በስፖንጁ ላይ ከበግ ጸጉር የተዳመጠ ቁራጭ ጠቅልዬበት እንደተሻለ ጽፌ ነበር። 20ኛው በሳቅ ሞተ። በሚቀጥለው ሄልሜቱንም በርኖስ አልብሰው አለኝ። 21ኛው፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው፣ ጸጉራም መሸፈኛ ለነፋስ ከስፖንጅ እንደሚበልጥ፣ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ማይክሮፎን ላይ የምናየው ጸጉራም ነገርም ለዚሁ እንደተሠራ ገለጸ፤ ነፋሱ ማይክሮፎኑን ከመምታቱ በፊት ጸጉሮቹ መሐል ጉልበቱን ይጨርሳል። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ግን 22ኛው የመንዝ በግ ጸጉር ሸካራ ስለሆነ ፊት ያሳክካል አለ፤ 23ኛዋ አያቷ በእጃቸው ፈትለው ሸማኔ የሠራው ባና ሃያ ዓመት ለብሳው እንዳላሳከካት መሰከረች፤ 24ኛው ባናና የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ የቱ ይሞቃል የሚል ሌላ ጠብ ጫረ። መምህሩ በ25ኛው ገላገሏቸው፦ ባናው ውጭ ለሚያድር፣ የፋብሪካው ቤት ውስጥ ለሚተኛ። በዚህ መሐል ሞተር ብስክሌት የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

26ኛው የኔ ነው። ከሰላ ድንጋይ በተመለስኩ ማግስት የጻፍኩት። ድምፅ ማጉያው በጠመኔው ምልክት ላይ፣ ማይክሮፎኑ ወደ አፍ ዞሮ፣ ጸጉሩ በላዩ፤ በ70 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል እየሄድን እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ጫፍ ወደ መንገዱ ሲወጣ በቀኝ በኩል ያዩት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ጣርማ በር ስንደርስ እንደ ልማዱ ጠፋ። አንድ አዲስ ነገር ብቻ ነበር፦ ከመጥፋቱ በፊት ጢን የምትል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ዝም አለ። ባልደረባዬ ተመለሱ። ጢን። ደግሞ ጠፉ። ምናልባት የመሣሪያዋ የመሞት ድምፅ ነው ብዬ ደመደምኩ።

27ኛዋ ነርሷ ናት። ስልኬ ከኢንተርኮሙ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያው መስመር፣ ያው ቃል። አንድ ፊደል አልጨመረችም።

28ኛው፣ የሸዋ ሮቢቱ ባለሙያ፣ ጥያቄዋን ያኔ አለማየቱን ይቅርታ ጠይቆ አብራራው። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ድምፆች እኩል መብት የላቸውም። ስልክ ከሁሉም ይቀድማል፤ ኢንተርኮም ይከተላል፤ እንደ መሣሪያውም ሙዚቃና የመልእክት ማሳወቂያ ኢንተርኮሙን ሊያቋርጥ ይችላል። ርካሾቹ ሁለቱን ድምፅ ባንድ ጊዜ ማሰማት ስለማይችሉ፣ አንዲት የመልእክት ደወል ስትመጣ ንግግሩን ቆርጠው እርሷን ያሳልፋሉ፤ ከዚያ ተመልሶ እስኪገናኝ ሰከንዶች ያልፋሉ። ስልኬ ባልነካውም፣ ኪሴ ውስጥም ቢሆን፣ በብሉቱዝ ከተያያዘ መልእክት በመጣ ቁጥር እንደዚያው ነው። ታዲያ ለምን ጣርማ በር ላይ? ለዚህ ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። ቀኑን ሙሉ የምንውልባቸው ሸለቆዎች ኔትወርክ የላቸውም። የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን፣ የዕቁቡ፣ የዘመድ አዝማዱ መልእክት ሁሉ ተጠራቅሞ ይቆያል። ከፍታው ላይ ወጥተን ስልኬ ሲግናል ሲያገኝ ጠቅላላው እንደ በረዶ ይወርድብኛል። ስንሄድ የማይጠፋው ከከተማ ስለምንነሣ ነው፤ የተጠራቀመ የለም። ጢኗን ሁለት ወር ያልሰማኋት ድምፅ ማጉያው ከጆሮዬ ኋላ ስለነበር ነው።

በ29ኛው የሚቀጥለው ጉዞ ላይ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍቼ እንደሞከርኩና ድምፁ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን አንዴም እንዳልተቋረጠ ጻፍኩ፤ ነርሷንም በአደባባይ አመሰገንኩ። 30ኛው የጭነት መኪናው አሽከርካሪ ነው፤ ብርድን፣ ተራራን፣ ባትሪንና ጣልያንን ከስሰን ስናበቃ ጥፋተኛው ኪሴ ውስጥ መገኘቱ እንዳዝናናው ጻፈ። የተከበረ ቀልድ ነው፤ ይገባኛል።

31 እና 32 ዝናብን ያነሡ ናቸው፤ ባጭሩ፣ ዕቃው ላይ አይፒ 67 ከተባለ አቧራ አያስገባም፣ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥም እስከ 30 ደቂቃ ይችላል፤ ካልተባለ ለክረምት ፕላስቲክ ይፈለግለት።

33ኛው የ10ኛው ሰውዬ ነው። ያ ሁሉ ትርክት ለአንድ ለደነቆረ ሞተረኛና ለአንድ ለባዘነ ተሳፋሪ መሆኑ እንደሚያስገርመው ጻፈ። 34ኛው መምህሩ ናቸው፤ ቃላቸውን አልጣሉም፤ ተሳፋሪው በዕድሜ ትልቅ ሰው መሆናቸው ከመጀመሪያው የተጻፈ መሆኑን፣ አንተ እያሉ መጻፍ ልማድ ቢሆንም የአባት ወግ ግን እንዳልተሻረ አሳሰቡት።

35ኛውን ስከፍት ደነገጥኩ። ባልደረባዬ ናቸው። ልጃቸው መዝግቦላቸው፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብበውት ኖሯል። ለ10ኛው ሰውዬ አልተቆጡም፤ የጆሮ ነገር ላይ እውነት እንዳለው፣ እርሳቸውም ለዚሁ ሲሉ በቁልቁለት እንደማያወሩ ጻፉለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጁ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ልጁ 80 ያለው 90 እንደነበር፣ የፍጥነት መለኪያው በትከሻው በኩል እንደሚታያቸው ገለጹ። የበጉ ጸጉር የእርሳቸው ሐሳብ እንደነበርና እኔ የጻፍኩት የኔ አስመስዬ እንደሆነ አመለከቱ። ጸጉሩ ዝናብ ሲነካው እንደሚሸትም አልሸሸጉም። የምትበላ ቃል ብለው የመረጧት ስማኝማም ያለ ምክንያት አልተመረጠችም አሉ። በመጨረሻም ሦስቱን ምት አነሡ። ኮቴን በጎን ይዘው ስለሚጓዙ፣ ጣርማ በር ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጃቸው ላይ ይሰማቸው ነበር። ሦስት ጊዜ መታ ማድረጋቸው ኪስህ እየጠራህ ነው ማለት ነው። ይህንንም በመጀመሪያው ዓመት በአፋቸው ነግረውኛል፤ በነፋስ ውስጥ።

36ኛው የ10ኛው ሰውዬ ነው። እርስዎ ብሎ ጀመረና፣ እንደዚያ ዓይነቱ ጸጉር ሞላሌ ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ ጠየቃቸው።